ረጅም መጋዝ ለቀጭን ዛፍ

ከሶዶ ወደ አረካም ሆነ ወደ ቦዲቲ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ዳር ተቆልሎ አይሱዙ የሚጠብቅ አጠና ማየቱ አይቀርም። ወርዶ ቢለካው አብዛኛው ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ባሕር ዛፍ ነው፤ 30 የሚሞላው ጥቂቱ ነው። ሶዶ ከተማ ውስጥ የውኃ ፓምፕና የግንባታ መሣሪያ በሚሸጥባቸው ሱቆች ደጃፍ የሚደረደሩት የሞተር መጋዞች ግን ሌላ ዛፍ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ሰንሰለቱ የሚሮጥበት ብረት 50 እና 55 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ እንዲያም ሆኖ ገዢው «ከዚህ ከፍ ያለ የለም ወይ?» ማለቱን አይተውም።

ይህን አለመመጣጠን የገዢ አላዋቂነት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ከዚያ በላይ ነገር አለው ባይ ነኝ። ሰው የሚገዛው መጋዝ ርዝመት የትኛውን ዛፍ ሊቆርጥ እንዳሰበ ይናገራል። ያላሰበም ቢሆን፣ አንዴ ውዱን መሣሪያ ከገዛ በኋላ ገንዘቡን ለመመለስ የትኛውን ዛፍ ፍለጋ እንደሚወጣ አስቀድሞ ይወስንለታል።

መጋዙ ለምን ተፈላጊ ሆነ ለሚል መልሱ ቅርብ ነው። ወላይታ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ተቆጥሮበታል፤ ያኔም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ300 በላይ ሰው ይኖር ነበር። ማሳው ጠቧል። ገበሬው እንሰቱንና ቡናውን ከቤቱ ሥር፣ በቆሎውን ከዚያ ቀጥሎ ይዞ፣ በድንበሩና በተዳፋቱ ላይ ባሕር ዛፍ ይተክላል። በ1880ዎቹ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ይህ ዛፍ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር አቃልሎ አልቀረም፤ ዛሬ ለደቡብ ገበሬ በቁሙ ያለ የባንክ ደብተር ነው። ለሕክምና፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለሠርግ ሲያስፈልግ ይቆረጣል። ነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሶዶ የርእሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ስትሆን ደግሞ ለሕንፃ መወጣጫና ለጣሪያ የሚፈለገው እንጨት ተጨማሪ ገፊ አገኘ።

በመጥረቢያ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶው ከፍ ብሎ ይቀራል። ከግንዱ ደግሞ ወፍራሙና ዋጋ ያለው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህሉ ፍላጭ ሆኖ ይረግፋል። የሞተር መጋዝ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መቁረጥ ይችላል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ዛፍ በመሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዝቅ ብሎ የተቆረጠ፣ ዝናብ እንዳይቋጥር በትንሹ የዘመመ፣ ልጡ ያልተገሸለጠ ጉቶ ጠንካራ ቀንበጥ ያወጣል። ስለዚህ መጋዙ ወላይታ መግባቱን የሚቃወም ክርክር የለኝም። ክርክሬ በየትኛው መጋዝ ላይ ነው።

20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ዛፍ ከ40 እስከ 45 ሲሲ የሆነ ሞተርና ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ብረት ይበቃዋል፤ ይተርፈዋልም። ስቲል ኤምኤስ 250 የተባለው 45 ሲሲ ያለው መጋዝ ያለ ብረቱና ሰንሰለቱ 4.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በአፍሪካና በደቡብ አሜሪካ የጣውላ ሠራተኞች ዘንድ ስሙ የገነነው አሮጌው ስቲል 070 ግን 106 ሲሲ ሆኖ ከ10 ኪሎ በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ አጠና ለሚቆርጥ ወጣት የክብደቱ ልዩነት ማታ ወገቡ ላይ ይቆጠራል። የቤንዚኑም እንዲሁ። 45 ሲሲው በሙሉ ጉልበት ሲሠራ በሰዓት አንድ ተኩል ሊትር ገደማ ሲጠጣ፣ 70 ሲሲ የሚሆነው ከሁለት ሊትር ያልፋል። በ2017 አጋማሽ ሊትሩ ከ100 ብር ባለፈ ቤንዚን ይህን ማስላት ለማንም አይከብድም።

በገበያው የሚበዙት ከቻይና የሚመጡት 5200 እና 5800 የሚል ቁጥር የተለጠፈባቸው ናቸው። ሻጩ «ሃምሳ ሁለት» እና «ሃምሳ ስምንት» ይላቸዋል። ብዙዎቹ 5800 ሲለኩ 54 ሲሲ ገደማ ናቸው፤ ቁጥሩ የሞተሩን ስፋት ሳይሆን የገዢውን ፍላጎት ይለካል ማለት ይቻላል። ይህን የምለው መጋዞቹን ለማጣጣል አይደለም። የ5200ው መለዋወጫ በየቦታው ይገኛል፤ ካርቡሬተሩን የባጃጅ ሜካኒክ ይፈታዋል፤ ሲበላሽም አንጀት አያሳርርም። የሚያስቆጣው በመካከል ያለው ማታለል ነው፦ የታዋቂው ድርጅት ስምና ቀለም የተለጠፈበት፣ በታዋቂው ዋጋ የሚሸጥ ሐሰተኛ። እውነተኛው ስቲል መለያ ቁጥሩ በሞተሩ አካል ብረት ላይ ተቀርጾበታል፤ በወረቀት ብቻ ተለጥፎ ከሆነ ገንዘብን ወደ ኪስ መመለስ ነው።

ከሞተሩ መጠን ይልቅ በሶዶ ብዙ መጋዝ የሚገድለው ከፍታው ነው። የከተማዋ አብዛኛው ክፍል ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ከላይዋ ያለው ዳሞታ ተራራ ወደ 3,000። አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። በሶዶ አንድ አምስተኛው ኃይል አየር ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ረጅሙ ብረት የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው፤ የደከመው ሞተር ሥራ ሳይጀምር ረጅም ሰንሰለት በመጎተት ይደክማል። በዚያ ላይ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበትና ይጨሳል፣ ይታፈናል። ሜካኒኩ በትንሿ ካቻቢቴ ዊንጯን አጥብቆ ቤንዚኑን ይቀንስለታል፤ መጋዙም ይነቃል። ችግሩ በማግስቱ ያው መጋዝ ወደ ሁምቦ ቆላ፣ ወደ አባያ ሐይቅ ዳር ሲወርድ ነው። እዚያ ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀቱም ሌላ። ለሶዶ አየር የተቀነሰው ቤንዚን ለቆላው አየር ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ሁለት ስትሮክ ሞተር ደግሞ ዘይትም ያነሰው ነው፤ ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ነውና። ድምፁ ይቀጥናል፣ ፍጥነቱ ያምራል፣ ባለቤቱም «ዛሬ እንዴት ይበላል!» ብሎ ይደሰታል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ከደጋ ወደ ቆላ የሚመላለስ ሰው ዊንጯን ወደ ቦታዋ መመለስ ካልለመደ የትኛውም ስም ያለው መጋዝ አይቆይለትም። አዳዲሶቹ የስቲልና የሁስክቫርና ሞዴሎች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ሲበላሹ ግን ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ይፈልጋሉ።

ሁለተኛው ገዳይ የሃይላንድ ቤንዚን ነው። በጀሪካን መቅዳት ቁጥጥር ስለሚደረግበት፣ ማደያም ከገጠር ቀበሌው ስለሚርቅ፣ ባለመጋዙ የሚገዛው ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ነው። በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ነጭ ጋዝ መቀላቀሉን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ጥቂት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ አፍስሶ ጥላ ውስጥ መጠበቅ ይረዳል፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ሲጠፋ ነጭ ጋዝ የቅባት ምልክት ትቶ ይቆያል። ዘይቱ ደግሞ በግምት ይጨመራል። አንዱ «እስኪቀላ ድረስ» ይላል፤ ሌላው በጠርሙስ ክዳን ይሰፍራል። ለስቲልና ለሁስክቫርና ጥራት ያለው ዘይት ከሆነ አንድ ለሃምሳ፣ ማለትም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ብዙዎቹ የቻይና መጋዞች አንድ ለሃያ አምስት ይጠይቃሉ፤ ይኸውም 40 ሚሊ ሊትር። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይህን ሁሉ ግምት ያስቀራል። በዚህ ሥራ ውስጥ ከስሪንጁ ርካሽ ሆኖ ብዙ ገንዘብ የሚያድን ዕቃ አላውቅም።

ሰንሰለቱ ላይ ብዙ ልቆይ እችል ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የደነዘ ሰንሰለት ዱቄት ያወጣል፣ የተሳለ ሰንሰለት ቅርፊት ያወጣል። ባለመጋዙ እግር ሥር የወደቀው ዱቄት ከሆነ ሞተሩ የሚበላው ቤንዚን እንጨት እየቆረጠ ሳይሆን ብረት እያሞቀ ነው። ክብ ሞረድ ያስፈልጋል፤ ለትንሹ ሰንሰለት 4 ሚሊ ሜትር፣ ለመካከለኛው 4.8፣ ለትልቁ 5.2። አንድ ቁጥር የተሳሳተ ሞረድ ጥርሱን ያበላሻል። ብዙ ሰው ሰንሰለቱ እንዲለሰልስ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይጨምራል፤ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ብረቱንም ሰንሰለቱንም ይሞርዳል። የባለመጋዙ ቆዳና ሳንባም አለ።

እንግዲህ ትንሹ መጋዝ ቀላል፣ ቤንዚን ቆጣቢና ለዛፉ በቂ ከሆነ፣ ለምን ትልቁ ይፈለጋል? መልሱ በኪራዩ ውስጥ ነው። ሃያና ሠላሳ ግንድ ያለው ገበሬ መጋዝ አይገዛም፤ ባለመጋዙን ይጠራል። ባለመጋዙ በአጠና ቆረጣ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ዋናው ገንዘብ ያለው ጣውላና ሞራሌ በማውጣት ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ጣውላ ሲደረግ ውስጡ የታመቀ ጉልበት ስላለው ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። የሚያምር ጣውላ የሚሰጠው ዋንዛ ነው፣ ዝግባ ነው፣ ከጓሮ የተረፈ ጥቁር እንጨት ነው። ረጅሙ ብረት የተገዛው ለእነዚህ ነው። በእንሰትና በቡና ጥላ መካከል የቆመ፣ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት አንድ ዋንዛ በሁለት ሰው መጋዝ ቀናት ይፈጅ ነበር፤ ቀናቱ ራሳቸው ጥበቃ ነበሩ። ጎረቤት ይሰማል፣ ቀበሌ ይደርሳል፣ ባለቤቱም ሐሳቡን ይለውጣል። አሁን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

ጥፋቱ በመቁረጡ ብቻ ቢያበቃ እንኳ ያሳዝናል፤ ብክነትም አለበት። የሞተር መጋዝ ሰንሰለት ሲያልፍ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ እንጨት ሰጋቱራ ያደርጋል። በእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ያለው ሪባን መጋዝ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ያጠፋል። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ የሚያወጣ ባለመጋዝ ከአራት ጣውላ አንዱን መሬት ላይ ያፈሰዋል ማለት ነው፤ ያውም እጁ ሳይዛነፍ። መቶ ዓመት የፈጀ ዋንዛ ሩቡ ለዶሮ ጉዝጓዝ ሲሄድ ማየት አልችልም።

ሕጉ ዛፎቹን ሳያውቃቸው ቀርቶ አይደለም። የ1986ቱ የደን አዋጅ፣ ቁጥር 94፣ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ለይቶ የባለቤትነት መብት ሰጥቷል። ሁለቱም የሚመለከቱት ዛፉን ነው። የደን ሠራተኛ ኬላ ላይ የሚያገኘው ግን ዛፉን ሳይሆን ጣውላውን ነው፤ ያኔ ነገሩ አልቋል።

መሣሪያውን የተቆጣጠሩ አገሮች አሉ። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ሕግ እያንዳንዱ የሞተር መጋዝ እንዲመዘገብና ባለቤቱ ፈቃድ እንዲኖረው አድርጋለች። ጋና ከዚያ ቀደም ብላ በ1998 በሞተር መጋዝ ጣውላ አውጥቶ መሸጥን ጨርሶ ከለከለች፤ ከዓመታት በኋላም የአገር ውስጥ ገበያዋ የሚጠቀመው አብዛኛው ጣውላ ያንኑ የተከለከለው ነበር። ክልከላው ሥራውን ወደ ሌሊት አዛወረው እንጂ አላቆመውም። ለወላይታ የሚበጀው ከሁለቱ መካከል ያለ ይመስለኛል። መጋዝን ሁሉ መመዝገብ የቀበሌ ሠራተኛን በወረቀት ያሰጥመዋል። ከ40 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ብረት ያለውን ብቻ መመዝገብ ግን ይቻላል፤ በሜትር ይለካል፣ ክርክርም የለውም። አጠና ቆራጩ ወጣት ከምዝገባ ነፃ ይሆናል፤ ዋንዛ አሳዳጁ ደግሞ ስሙ ይታወቃል። ሰው አጭሩን ገዝቶ ረጅም ብረት ለብቻው ሊገጥምበት አይችልም ወይ? ይችላል፤ ከፍታውን ያስታወሰ ግን 45 ሲሲ ሞተር በሶዶ አየር 60 ሳንቲ ሜትር ብረት ይዞ ዋንዛ ውስጥ ምን እንደሚሆን ያውቃል።

መጋዝ ጭራሽ የማያስፈልግበት ሥራም አለ፤ የሚገኘውም እዚሁ ዞን ውስጥ ነው። በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራማ መሬት በወርልድ ቪዥንና በአካባቢው ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከልሎ እንደገና ደን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ሲመዘገብ በአፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ካርቦን ፕሮጀክት ነበር፤ በ30 ዓመት 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ታቅዶለታል። ደኑ በአብዛኛው የተመለሰው በችግኝ አይደለም። መሬት ውስጥ በሕይወት የነበሩ አሮጌ ጉቶዎችና ሥሮች ያቆጠቆጡትን ቀንበጦች መርጦ፣ ደካማውን ቆርጦ፣ ጠንካራውን በማሳደግ ነው። የሚቆረጠው ከክንድ አይወፍርም። ለዚህ የተሳለ የእጅ መጋዝና ገጀራ ከማንኛውም ሞተር ይበልጣሉ፤ ቆራጩ በእጁ ስለሚሠራ የትኛው ቀንበጥ እንደሚቀር ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። «ዘመናዊ መሣሪያ ይሰጠን» የሚል ጥያቄ ከደን ማኅበር ሲመጣ ለጋሹ ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ስለ ሞተር መጋዙ አደጋ የሚወራው ከሚደርሰው ያነሰ ነው። ሰንሰለቱ በሴኮንድ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣል። የብረቱ አፍንጫ የላይኛው ሩብ አንድ ነገር ከነካ መጋዙ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ወደ ፊትና ወደ አንገት ይወረወራል። ተጠጋግቶ በበቀለ ባሕር ዛፍ መካከል ረጅም አፍንጫ ጎረቤቱን ግንድ የሚነካው ሠራተኛው ሳያየው ነው፤ አጭሩን የምመርጥበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። በኛ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ አጋማሽ ገደማ ጀምሮ በመጋዞች ላይ የተገጠመው የፊት ፍሬን ይህን ለማስቆም የተሠራ ነው፤ አሮጌው 070 ግን የለውም። ከሱቅ ሲገዛ አስነስቶ፣ መሬት ላይ ረግጦ ይዞ፣ ፍሬኑን በእጅ አንጓ ገፍቶ ሰንሰለቱ ቀጥ ማለቱን ማየት የገዢ መብት ነው። የመከላከያ ሱሪው ውስጥ ያለው ረጅም ቃጫ ሰንሰለቱ ሲነካው ተጎልጉሎ ማዞሪያውን አንቆ ያቆመዋል። ይህን ሱሪ ለብሶ የሚሠራ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው፤ በኮንጎ ጫማ የሚሠራ ግን ሞልቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የመከላከያ ዕቃ ማቅረብን በአሠሪው ላይ ጥሎታል። በግንድ ልክ የሚከፈለው ባለመጋዝ አሠሪው ማን ነው? ባለዛፉ፣ ነጋዴው፣ ወይስ ራሱ? ጥያቄው ሳይመለስ እግር ይቆረጣል።

ባትሪ የሚል አዲስ አማራጭ መጥቷል፤ በመኪናው ዘርፍ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራውን ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ወሬው በርትቷል። ለሶዶ ነገሩ ምፀት አለው። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግቤ ሦስት በወላይታና በዳውሮ መካከል ቆሟል፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ኬንያ ውስጥ የሚያበቃው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚነሳው ከወላይታ ሶዶ ነው። በቴክኒክ ረገድ የባትሪ መጋዝ ለዚህ አገር የተሠራ ይመስላል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ጉልበት አያጣም፣ ካርቡሬተር የለውም፣ ነጭ ጋዝ አይቀላቀልበትም። ለከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ለዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ለአቮካዶና ለማንጎ ገረዛ አሁኑኑ የሚያዋጣ ነው። ለገጠሩ አጠና ቆራጭ ግን ቀን ሙሉ የሚያሠሩ ሁለትና ሦስት ባትሪዎች ዋጋ ከመጋዙ ይበልጣል፤ ብሩ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ሽቅብ ወጥቷል። ባትሪው ሲሞት የሚጠግነው ሰውም ገና አልመጣም። በኤሌክትሪክ መስመር ሥር የበቀለ ዛፍን በተመለከተ፣ በባትሪም ሆነ በቤንዚን፣ ያልሠለጠነ ሰው እንዳይጠጋው ብቻ እላለሁ።

ስለዚህ አምስትና ስድስት ወጣቶች ተደራጅተው ብድር ሲጠይቁና የዕቃ ዝርዝር ሲያቀርቡ፣ ብድሩን የሚፈቅደው ባለሙያ ዝርዝሩን ገልብጦ ቢያነብ ይሻላል። መጀመሪያ አንድ ሄልሜት ከነፊት መከለያው፣ አንድ የመከላከያ ሱሪ፣ አንድ ቆዳ ቦት ጫማ። ቀጥሎ ሦስት ሰንሰለት፣ ልኩን የጠበቀ ሞረድ ግማሽ ደርዘን፣ ትርፍ ካንዴላ፣ ሁለት የፕላስቲክ ሽብልቅ፣ ዛፉን ከእንሰቱና ከጎረቤት ጣሪያ አርቆ ለመሳብ 30 ሜትር ገመድ። ከዚያ የዘይቱ ስሪንጅ። መጋዙ የሚገዛው በቀረው ገንዘብ ነው፤ 45 ሲሲ፣ 40 ሳንቲ ሜትር። የቀረው ገንዘብ ለታወቀው ስም ካልበቃ ከቻይናው 5200 አጭር ብረት አስገጥሞ መውሰድ ነው፤ ሻጩ ረጅሙን በነፃ እመርቅላችኋለሁ ቢልም አለመቀበል።